ሳላነብ ያስፈረምኩት ወረቀት

ይድረስ እናትም እህትም ለሆንሽኝ ለእትዬ፣

እንደምን ከርመሽልኛል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ግድግዳ ትደገፊያለሽ ወይስ ያ የላክሁልሽ ቅባት ሠራልሽ? ባለቤትሽ ሳሉ ለቀቀው? ልጆቹስ እየተማሩ ነው ወይስ እየተደባደቡ? አባባ ቀኝ ዓይኑ ከኦፕሬሽኑ በኋላ ጠራለት? ለግራውስ ቀጠሮ ያዛችሁለት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ደህና አይደለሁም እትዬ። ታምሜ አይደለም፣ አትደንግጪ። ፈርቼ ነው።

አውቃለሁ፣ አንቺ ደግሞ በር ሲንኳኳ የምትዘዪ ብለሽ ትስቂብኛለሽ። ሳቂ ግድ የለም፤ ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቢኝ። ለሌላ ሰው የማወራው ነገር አይደለም።

አባባን ጠይቄ ስመለስ ‹‹በሰላም ገባሁ›› ብዬ ደውዬላችሁ ነበር። መግባቱንስ ገባሁ። ግን አውሮፕላን የምንቀይርበት ከተማ ላይ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ይነሳል የተባለው አውሮፕላን የተነሳው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ ብረት ወንበር ላይ! ‹‹አሁን ይነሳል፣ ትንሽ ታገሡ›› እያሉ አቆዩን። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፤ ዝናብ የለ፣ ጭጋግ የለ። በኋላ እንደሰማነው አብራሪው የሥራ ሰዓቱ አልቆበት፣ ተተኪ ሳያዘጋጁለት ቀርተው ነው።

የኛን ቋንቋ የሚናገሩ አሥር ሰዎች አብረውኝ ነበሩ፤ ችግር ያስተዋውቃል፣ ሻንጣችንን መሀል አድርገን ተሰባሰብን። ከጎኔ የተቀመጠችው ልብስ ሰፊ ናት፤ ዕድሜዋ ከአንቺ ብዙም አይርቅም። ሜትሯን ጣቷ ላይ ትጠቀልላለች፣ መልሳ ትፈታዋለች። በዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ የልብስ ፋብሪካ ቀርባ የሥራ ውል ልትፈርም ነበር። 

የእኔን ሥራ ታውቂዋለሽ። መንገደኛ ሲወርድ አውሮፕላኑ ውስጥ ገብተን የወንበር ኪስ የምንፈትሽ፣ ምንጣፍ የምንጠርግ፣ ሽንት ቤት የምናጥብ እኛ ነን። የቀጠረኝ ድርጅት የሚያጸዳው የዚሁ ያቆየን አየር መንገድ አውሮፕላኖችን ነው። ታዲያ የሥራ ካርዴን ከቦርሳዬ ማንገቻ ሳላወልቀው ነበር ለዕረፍት የወጣሁት። ያቺ ካርድ ናት ጉድ የሠራችኝ።

ቀትር ላይ ከአየር መንገዱ ጠረጴዛ አንድ ባለ ከረባት ወረቀት ታቅፎ ወደ እኛ መጣ። ካርዴን ሲያይ ፈገግ አለና ‹‹አንቺማ የኛ ሰው ነሽ!›› አለኝ። እትዬ ሙች፣ አራት ዓመት ሙሉ እንኳን የኛ ሰው ሊለኝ ቀና ብሎ ያየኝ ባለ ከረባት የለም። ቂሏ ልቤ ዘለለች። ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ሰጥቶኝ የምግብ ኩፖን የሚወሰድበት ነው፣ ለወገኖችሽ ንገሪያቸውና አስፈርሚልኝ አለኝ። ወረቀቱ የተጻፈው በዚህ አገር ቋንቋ ነው፤ ከመሀላችን ቋንቋውን የማነብ እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔም የተሾምኩ መሰለኝ። ወገቤን ይዤ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞርኩ ‹‹እዚህ ጋ፣ እዚህች ጋ›› ስል ብታዪኝ በሳቅ ትሞቺ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ግን ጣቷን ከታች ባሉት ደቃቅ መስመሮች ላይ አድርጋ ይሄኛውስ ምን ይላል፣ አንብበሽዋል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አላነበብኩትም። ባለ ከረባቱ ቆሞ ያየኛል፣ ሰዎቹ ርቧቸዋል፣ ‹‹አላነበብኩትም›› ብል ምን ይሉኛል? ይሉኝታዬን ታውቂው የለ፤ የሰው ፊት እንዳይቀየር ብዬ የራሴን አንገት የምሰጥ ሰው ነኝ። ‹‹አዎ፣ ስለ ምግቡ ነው›› አልኳት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ‹‹አንቺ ካልሽ›› አለችና ፈረመች። እሷን አይተው ሲያቅማሙ የነበሩትም ፈረሙ። እኔም ፈረምኩ። ደረቅ ዳቦና አንድ አንድ ጠርሙስ ውሃ ሰጡን።

ልብስ ሰፊዋ ፋብሪካው ስትደርስ ቦታሽ ለሌላ ተሰጥቷል ተባለች። እዚህ አገር ደግሞ የመኖሪያ ፈቃድ ሥራ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ በሁለት ወር ውስጥ ሌላ መተዳደሪያ ካላሳየች መመለሷ ነው። ቀጣሪ ፍለጋ ስትንከራተት አንድ ሰው ደንቡን ነገራት። ለካ አውሮፕላን በራሱ በአየር መንገዱ ጥፋት ይህን ያህል ከዘገየ ለመንገደኛው ካሳ ይገባዋል! በካሳው ያገለገለ የስፌት ማሽን ገዝታ፣ በራሷ ስም ሥራ አስመዝግባ፣ ፈቃዷን ልታድስ አሰበች። አመለከተች። መልሱ የመጣላት የራሷ ፊርማ ያለበት ያው ወረቀት ቅጂ ሆኖ ነው። ኩፖኑን ስለተቀበልኩ ስለ መዘግየቱ ሌላ ምንም አልጠይቅም ይላል።

ደወለችልኝ። እህቴ፣ ያን ቀን ያስፈረምሽን ወረቀት ምን ነበር የሚለው ስትለኝ ክው አልኩ። እኔም እንደናንተው ነው የፈረምኩት፣ ምን አውቄ አልኳት። ይኸው ሁለተኛ ውሸት። ስልኩን ዘግቼ ቦርሳዬን ገለበጥኩና የእኔን ቅጂ አገኘሁት፤ ከኩፖኑ ቁራጭ ጋር ታጥፏል። ልብስ ማጠቢያው አጠገብ ቆሜ አነበብኩት። አራት መስመር ነው እትዬ። አንድም የማይገባኝ ቃል የለበትም። አንገብግቦ የሚገድለኝ ይሄ ነው። ከባድ ቢሆን እንኳ አልገባኝም ብዬ እጽናና ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላም የለኝም።  ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ከሰማሁ ማንኪያዬን አስቀምጬ አዳምጣለሁ። አውሮፕላን ውስጥ የወንበር ኪስ ስፈትሽ የተጨማደደ ወረቀት ሁሉ የእኔ ፊርማ ያለበት ይመስለኛል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለው ለእኔ የተተረተ ነው።

አልቀረም፣ ደረሰ። አሥሩ ሰዎች ተጠራርተው የመንገደኞች አቤቱታ ሰሚ ቢሮ ሄደው አየር መንገዱን ከሰሱ። መርማሪዋ ወረቀቱ እንዴት እንደተፈረመ የሚናገር ሰው ካለ ፊርማው ሊሻር ይችላል አለቻቸው። የሰዎቹ ሁሉ ዓይን እኔ ላይ አረፈ። ልብስ ሰፊዋ ስልክ ደውላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ነይልን ብላ ለመነችኝ። እኔን! እሺ አልኳት፤ እምቢ የሚል አፍ መቼ ፈጠረብኝ።

በሁለተኛው ቀን አለቃዬ ጠራችኝ። የምስክሮቹ ስም ለአየር መንገዱ ተልኮ ነበርና ከዚያ ለድርጅታችን ሳይነገር አልቀረም። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ለዚህም ነው ይበልጥ የፈራሁት። የመጥረጊያ ዕቃ የምናስቀምጥበት ክፍል ውስጥ አስገብታኝ በሩን ዘጋችና ሐሙስ ጠዋት ፈረቃ አስገብቼሻለሁ አለችኝ። ሐሙስ የዕረፍት ቀኔ ነው። እሷም ጎበዝ ሠራተኛ ነሽ፣ የማያገባሽ ውስጥ ገብተሽ እንጀራሽን እንዳትዘጊ፣ እኔ ደግሞ ምንም አላልኩሽም ብላ ወጣች። ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩበት።

ከተባረርኩ የእኔም ፈቃድ ከሥራው ጋር ያበቃል፤ ሁለት ወር ብቻ ይሰጡኛል። የአባባ ግራ ዓይን ደግሞ በዚህ ደሞዝ ነው የሚሠራው። ይህን እያሰብኩ ላልሂድ እላለሁ። ‹‹አንቺ ካልሽ›› ያለችኝ ትዝ ትለኛለች፣ ልሂድ እላለሁ። ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ጠዋት ሠርቼ ገብቼ ነው ይህን የምጽፍልሽ።  ነገ የት እንደምሄድ ገና አላወቅሁም።

እዚህ ላይ ትቼው ነበር። አሁን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው።

ጠዋት የወጣሁት የሥራ ልብሴን ለብሼ ነው። ፈሪ ሰው ምን ያደርጋል፣ ለሁለቱም ይዘጋጃል። ወደ ሥራ የሚወስደኝ አውቶቡስ ቀድሞ መጣ። ሾፌሩ ያውቀኛልና በሩን ከፍቶ አትገቢም እንዴ አለኝ። ‹‹ሂድ›› አልኩት። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። አውቶቡሱ ሲርቅ ሮጬ ላስቆመው ሁለት እርምጃ ተራምጄ ነበር፤ ይህንንም አልደብቅሽም።

የቢሮው ክፍል ጠባብ ነው። ልብስ ሰፊዋ ቦርሳዋን ወንበር ላይ አስቀምጣ ቦታ ይዛልኝ ነበር። ፊት ለፊታችን የአየር መንገዱ ተወካይ፣ መሀል ላይ መርማሪዋ፣ ጠረጴዛው ላይ አስተርጓሚው የሚሰማበት ስልክ። መርማሪዋ ማን አስፈረማቸው ስትል እኔ አልኩ። ምን ብለሽ ስትል ባለ ከረባቱ ለምግብ ነው እንዳለኝ ነገርኳት። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ጥፋቱ ሁሉ የእሱ ይሆን ነበር፣ እኔም የዋህ ተብዬ እወጣ ነበር። ተወካዩ ግን ታዲያ መንገደኞቹ ሌላው ጽሑፍ ምን እንደሆነ አልጠየቁም ወይ አለ።  ጠይቀዋል አልኩ። ይህቺ ሴት አንብበሽዋል ወይ ብላኝ አንብቤዋለሁ ብዬ ዋሸኋት፣ ኋላም ደውላ ስትጠይቀኝ ምንም አላውቅም ብዬ ደገምኳት አልኩ።

እኔ በአገሩ ቋንቋ ስናገር ልብስ ሰፊዋ አይገባትም ነበር። አስተርጓሚው ነው በስልኩ ቀስ ብሎ በቋንቋችን የነገራት። ውሸቴን በሌላ ሰው አፍ ሰማሁት። ፊቷን ማየት ፈርቼ የጠረጴዛውን ጠርዝ እያየሁ ቆየሁ።

ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችኝ። ብትሰድበኝ በወደድኩ፤ አልሰደበችኝም። ያን ዕለት ስደውልልሽ ብትነግሪኝ ኖሮ ስድስት ሳምንት ነበረኝ አለች። አሁን የቀራት ዘጠኝ ቀን ነው፤ ውሳኔው ደግሞ ከሦስት ሳምንት በፊት አይሰጥም። ሌሎቹ ካሳቸውን ያገኙ ይሆናል። እሷም ታገኝ ይሆናል፣ ማሽኑን የምትገዛበት አገር ላይ ሳትኖር። ይቅር በይኝ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ እሺ ይሁን እምቢ አላወቅሁም። ደረጃውን ወርዳ ሄደች።

ክፍሌ ገብቼ ስልኬን ስከፍት አለቃዬ ሰባት ጊዜ ደውላለች። ከዚያ አጭር መልእክት ልካለች፤ ነገ ጠዋት ካርድሽን ይዘሽ ቢሮ ነይ ይላል። ሌላ ቃል የለበትም። ፈርቻለሁ እትዬ፣ በጣም ፈርቻለሁ። እውነት መናገር ቀለል ያደርጋል የሚሉት እኔ ጋ ገና አልደረሰም።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ሳሉ ካልለቀቀው ሐኪም ዘንድ ጎትተሽ ውሰጂው፣ እሱን ደግሞ መለመን አይሠራም። ትልቋን ልጅሽን ደብተሯን ሳትጨርስ ሌላ እንዳትጀምር በያት። ትንሹን ጥርሱ በወለቀበት በኩል ሳሚልኝ። ጎረቤትሽን፣ አባባን ሐኪም ቤት ያመላለሰችውን ባለ ሱቋን፣ ውለታዋን አልረሳሁም በያት።

ለአባባ ጉልበቱን ስሜያለሁ በይልኝ። የግራ ዓይኑ ቀጠሮ ከተላለፈ ያስተላለፈው ሐኪሙ ሳይሆን ልጁ እንደሆነች ይወቅ። ደብዳቤዬን ስታነቢለት እንዳያዝን ብለሽ ክፉ ክፉውን እየዘለልሽ እንደምታልፊ አውቃለሁ፤ ለእሱ ብለሽ ነው። ይህንን ግን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ አንብቢለት፣ አደራሽን። እሱ እንደሆነ ያነበብሽለትን ሁሉ ያምንሻል።

ታናሽ እህትሽ

ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ካለችው ክፍሌ
ሐሙስ፣ የካቲት 14 ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት