ማበጠሪያ የሌለው ቁንጫ

ግንቦት 8 ቀን 2011
ዛሬም ጀሪፍ፣ ጡብ ማምረቻው ውስጥ፣ ጡብ ስሸከም ዋልኩ። ስገባ እህቴ ስንቅነሽ እግሯን ታካለች። ቁንጫ።
"ወንድም ጋሼ፣ ባለሙያው አንተ አይደለህ? በላ ንገረና!"
እያሾፈችብኝ ነው። አገር ቤት እንስሳት ላቦራቶሪ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ... እዚህ ሰው አገር ማን ያውቃል?

ግንቦት 9
ከድመታችን ጀርባ ሦስት ቁንጫ ለቀምኩ። በአጉሊ መነጽር አየኋቸው። ጉንጫቸው ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደረ ጥቁር ነገር፣ አንገታቸው ላይም ሌላ። የድመት ቁንጫ! ደስ አለኝ፣ ሞኝ።
"ሻምበልን እንዳትነካብኝ" አለች። ድመቱን ሻምበል ነው የምትለው። አልሰማኋትም። ውሰጂልኝ ስላት አከራያችን ሐጃ መሪማ በራክሻ፣ በዚህ አገር ባጃጅ፣ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ያለው ልጇ ቤት ወሰደችው።

ግንቦት 20
ንክሻው አልቆመም። ጣሪያው ላይ አይጥ ይሯሯጣል። ድሮ አልነበረም...

ግንቦት 27
ትናንት መንግሥትን የሚቃወሙት ሰልፈኞች ላይ ተተኮሰ። መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል፣ ኢንተርኔት የለም። ስንቅነሽን ያተኩሳታል። ወባ ይሆናል።

ሰኔ 1
ሆዷ ላይ ሽፍታ ወጣ። ደነገጥኩ። ከፍራሿ ቁንጫ ያዝኩ። ጉንጩ ባዶ። አንገቱ ባዶ። የሰው ቁንጫም ማበጠሪያ የለውም... ግን ከመካከለኛው እግር በላይ የሰው ቁንጫ የሌለው ያቺ ቀጭን ዘንግ አለች። የአይጥ ቁንጫ ነው። የሚያስተላልፈው ታይፈስ።
የምትነከሰው እሷ፣ ናሙና የወሰድኩት ከድመት። ተማሪ እንኳ እንዲህ አይስትም። አይጥ የሚበላውን ደግሞ አባረርኩ።

ሰኔ 2
የሚያስፈልጋት ዶክሲሳይክሊን ብቻ ነው። ከተማው አድማ ላይ ነው። ሕክምና ቤቱ በቁስለኛ ተሞልቷል፣ ተራ አልደረሰንም። ሁለት ፋርማሲ ዝግ። አርካዊት ሰፈር ያለው ባለ ፋርማሲ በሩን ገርበብ አድርጎ "ማፊ ደዋ፣ ያ ሐበሺ። ቡክራ ኢንሻላህ" አለኝ። መድኃኒት የለም፣ ነገ። ታይፈስ ነው፣ ቁንጫውን አይቼዋለሁ አልኩት።
"ኢንተ ዱክቱር?" አለ፣ የጡብ አቧራ የጠጣ ሸሚዜን እያየ።

ሰኔ 3
"ወንድም ጋሼ... ሻምበል መጣ?"
"መጣ" አልኳት።

ሰኔ 9
ሰኔ 5 ቀበርናት። አድማው ባበቃ ማግስት... ፋርማሲዎቹ ተከፍተው ነበር።
ሐጃ መሪማ ድመቱን መልሳ አመጣችው። "ማዓሌሽ፣ ያ ወለዲ" አለችኝ፣ አይዞህ ልጄ። ፍራሿ ላይ ወጥቶ ተኛ። አላባረርኩትም።
አሁን አንድ ቁንጫ ክንዴ ላይ አለ። የትኛው እንደሆነ አላየሁም።