ዳገቱ አናት ላይ፣ ሞተሩ ሳይጠፋ የተሰጠ ኑዛዜ

እኔ፣ ዕድሜዬን በመንገድ ሥራ መኪና ሹፌርነት የፈጸምኩ፣ ሚስቴ የሞተችብኝ የሁለት ልጆች አባት፣ ዛሬ ቅዳሜ፣ ወሩ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ከጤና ጣቢያው በር ፊት ለፊት በቆመችው ጂፔ ውስጥ ተቀምጬ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ፣ በሙሉ አእምሮዬ ይህን የመጨረሻ ቃሌን እሰጣለሁ። ልቤ እንደ ድሮው አይመታም፤ እግሮቼም ፍሬን ለመርገጥ አቅም አንሷቸዋል። አእምሮዬ ግን የትም አልሄደም። ይህ የሚሰማው ድምፅ የሞተሩ ነው። እንዲጠፋ አልፈቅድም፤ ስለዚህ እኔ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ፣ ጸሐፊውም ጆሮውን ያቅርብ።

«በሙሉ አእምሮዬ» የሚለው ቃል በየኑዛዜው ላይ ይጻፋል፤ አንባቢም ልብ ሳይለው ያልፈዋል። በእኔ ኑዛዜ ላይ ግን ማንም እንዳያልፈው እለምናለሁ፤ እኔና የበኩር ልጄ የተጣላንበት ነገር ይኸው ነውና። የቤንዚን ሞተሩን ከጂፗ አውርጄ፣ በምትኩ ከዳቦ ማከፋፈያ መኪና የወጣ የናፍጣ ሞተር እዚያው ግቢዬ ውስጥ ልጭን በተነሣሁ ጊዜ፣ የበኩር ልጄ ዘመድ ሰብስቦ አባታችን ጨርቁን ሊጥል ነው አለ። ጂፗ ለቆራሌው በኪሎ ትሸጥ፣ ቤቱ ይከራይ፣ እኔም እሱ ዘንድ ገብቼ በረንዳ ላይ ፀሐይ ልሙቅ ተባለ። ጨርቄ በላዬ ነው፤ ዘይት ነካው እንጂ አልወደቀም።

ልጄ ክፉ አይደለም። ሞተሩ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ እኔ ከሥሩ ቆሜ ቢያየኝ ደንግጦ ነው። ቢሆንም ሊያስታርቁን በተቀመጡት ሽማግሌዎች ፊት የተናገረው አልተረሳኝም። «ይቺ መኪና የጤና ጣቢያውን ዳገት ከወጣች የፈለገውን ይናዘዝ፤ ትንፍሽ አልልም። ካልወጣች ግን ከእንግዲህ የምወስነው እኔ ነኝ» አለ። እኔም እሺ አልኩ።

ስለ ዳገቱ ለማያውቅ ላስረዳ። ያኔ በወጣትነቴ፣ ምጥ የያዛትን ሚስቴን በዚህችው ጂፕ ይዤ ስወጣ፣ የቤንዚን ሞተሩ መታጠፊያው ላይ ፈልቶ ቆመ። የበኩር ልጄ የተወለደው እዚያው፣ የኋላ ወንበር ላይ ነው። ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እስክትሞት ድረስ አልማረችኝም። እንግዳ በመጣ ቁጥር «የኔ ባል ሐኪም ቤት ላደርስሽ ብሎ ተነሥቶ ራሱ አዋላጅ ሆኖ ቀረ» ትል ነበር። ከሰው ጋር አብሬ እስቃለሁ፤ ሆዴ ግን አይስቅም ነበር። ይህን ዳገት ሳልወጣው መሞትን አልፈለግሁም። ነገሩ ይኸው ነው።

ሴት ልጄ ልብስ ሰፊ ናት። በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ገብቶ ሁለቱን የሚያገጣጥመውን ወፍራም ላሜራ ማን በልኩ ይቆርጠዋል ብለን ስንጨነቅ፣ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ሞተሩን ሱፍ እንደሚሰፋለት ሙሽራ ዙሪያውን ለካችው። ካርቶን ቀደደች፣ ገጠመች፣ አልወደደችውም፣ ሌላ ቀደደች። የሰፈራችን በያጅ ብረቱን የነካው ካርቶኑ ልክክ ካለ በኋላ ነው።

ስሕተትም አልጠፋም። ሞተሩ የሚያርፍባቸውን የብረት እግሮች ስንበይድ ጎረቤቴ ግንበኛው ያለ ውሃ ልክ የተሠራ ሥራ አላምንም ብሎ ውሃ ልኩን ሞተሩ ላይ አጋደመ። አረፋዋ መሐል ላይ ስትቆም በየድን፤ አጨበጨብንም። ጂፗን ገፍተን ደልዳላው መንገድ ላይ ስናወጣት ግን ሞተሩ ወደ ግራ ተንጋዶ ተገኘ። ለካ ግቢዬ ወደ ቦዩ ያዘነበለ ነው፤ ጂፗም አብራው አዘንብላ ቆማ ኖሯል። ሞተሩን ከምድር ጋር አስታርቀን ከመኪናዋ ጋር አጣልተነዋል። ልጄ «ቀሚስ የሚለካው በለባሿ ነው እንጂ በወለሉ አይደለም» አለችና ብየዳውን አስቆርጣ እንደገና አስጀመረችን። ግንበኛው ለጥቂት ቀን ባርኔጣውን ዐይኑ ድረስ ደፍቶ ነበር የሚያልፈው።

ዛሬ ጠዋት ልጄ መሪውን ያዘች፤ እኔ ከጎኗ፣ ግንበኛው፣ በያጁና ጸሐፊው ከኋላ ተጠጋግተው ተቀመጡ። የበኩር ልጄ አልሳፈርም፣ ስትቆም ለመግፋት በእግሬ እከተላለሁ አለ። መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ልጄ ማርሽ ቀነሰች። እኔ የበሩን እጀታ ጨበጥኩ። ሞተሩ ድምፁን አወፈረ እንጂ አልደከመም፤ የሙቀት መለኪያውም ካለበት ንቅንቅ አላለም። አለፍናት። ግንበኛው ከኋላ እልል አለ፤ ወንድ እልል አይልም የሚል ካለ መጥቶ ይጠይቀው። እኔ አለቀስኩ፤ ይህም ይጻፍ።

ስለዚህ እንዲህ እናዘዛለሁ።

አንደኛ፣ ጂፗ ከነናፍጣ ሞተሯ የሴት ልጄ ትሁን። ከእኔ ጋር ዘይት የነካት፣ ተስፋ የቆረጥኩ ዕለትም መፍቻውን መልሳ በእጄ ያስጨበጠችኝ እሷ ናት። አንድ አደራ አለባት። ምጥ የያዛት ሴት ደጇ ከመጣች፣ ማን ናት ከየት ናት ሳትል ዳገቱን ታውጣት። ይህ የእናቷ ድርሻ ነው።

ሁለተኛ፣ ቤቴን ሁለቱ ልጆቼ እኩል ይካፈሉት። ግቢ ውስጥ ያለው የመሥሪያ ዳሴ ግን የሴት ልጄ ስፌት ቤት ይሁን።

ሦስተኛ፣ መፍቻዎቼን በሙሉ ለበያጁ ሰጥቻለሁ፤ ተውሶ ያልመለሳቸውንም ጨምሮ። ከዛሬ ጀምሮ ሲያየኝ መንገድ መቀየር የለበትም። ለግንበኛው ደግሞ ግቢዬን ደልድሎ ድንጋይ የማንጠፍ መብት ትቼለታለሁ፤ እስክሞት መጠበቅ አያስፈልገውም፣ ሰኞ ሊጀምር ይችላል።

እዚህ ላይ የበኩር ልጄ ደረሰ፤ ጸሐፊው ይህንንም ይጻፍልኝ። ክራቫቱን ፈትቶ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ጫማው አቧራ ለብሶ መጣ። ከጤና ጣቢያው ወጥታ ምስክር የሆነችኝ ነርስ ውሃ ሰጠችው። እጁን ኮፈኑ ላይ አሳርፎ ሞተሩን ሲያዳምጥ ቆየ።

«አባዬ፣ ተሸነፍኩ። ቃሌ ቃል ነው» አለኝ። ከዚያም በዕድሜው ጠይቆኝ የማያውቀውን ጠየቀኝ። «የተወለድኩት የቱ ጋ ነው?»

መታጠፊያው ላይ፣ ከትልቁ ድንጋይ አጠገብ አልኩት።

«አሁን ደክሞኝ እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነበር እኮ» አለ።

አራተኛ፣ የቤንዚን ሞተሩን ለበኩር ልጄ ሰጥቻለሁ፤ ፈልቶ ቆሞ መንገድ ላይ ያስወለደው እሱን ነውና። ለቆራሌው ቢሸጠው አልቀየመውም። ይህም ብቻ አይደለም። ጂፗ የእኅቱ ብትሆንም የኋላው ወንበር ዕድሜ ልኩን የእሱ ነው፤ ማንም ተነሥ አይበለው። ሰው ከተወለደበት ርስት አይነቀልም።

ከዚህ በፊት ተናገረ የሚባል ሌላ ኑዛዜ ቢኖር ይህ ሽሮታል። ቃሌ ተነቦልኝ፣ የራሴ መሆኑን አምኜ ፈርሜአለሁ። አሁን ሁላችንም ተሳፍረን እንውረድ፤ ልጄ ሆይ፣ ግባ፣ ቦታህን ታውቀዋለህ።

የተናዛዡ ፊርማ

እኛ ምስክሮች ተናዛዡ ይህን ቃል ሲሰጡ በአንድነት ነበርን፤ ሲነበብላቸውም ሰምተናል። ነርሷ ቀኑንና ወሩን፣ የልጆቻቸውንም ዕድሜ ጠይቃቸው ሳያመነቱ መልሰዋል፤ ሳትጠይቃቸውም የሞተሩ ዘይት መቼ እንደሚለወጥ ነግረዋታል። ፊርማቸው የተንቀጠቀጠው በእጃቸው ድካም አለመሆኑን እናረጋግጣለን። ወረቀቱ የተፈረመው ዳሽቦርዱ ላይ ነው፤ ሞተሩ ይጥፋ ብንላቸውም እምቢ ብለዋል። የአራታችንም ፊርማ እንደ እሳቸው ተንቀጥቅጧል።

ግንበኛው፣ ፊርማ
በያጁ፣ ፊርማ
ነርሷ፣ ፊርማ
ጸሐፊው፣ ፊርማ