ቀድሞ የተፈረመ ቅጽ

ወንድምዓለም፣

እንደምን ሰነበትክ? ስኳርህስ እንዴት ይዞሃል? እስር ቤቱ መርፌህን በሰዓቱ ይሰጥሃል ወይስ አሁንም እየለመንክ ነው? የላክኩልህ ሹራብ ሰፋኝ ብለሃል። እኔ የገዛሁት በማውቀው ልክህ ነበር።

እኔ ደህና ነኝ ማለት ለምዶብኝ ነው እንጂ ደህና አይደለሁም። ይህን ደብዳቤ ስጀምር አራት ወረቀት ቀድጃለሁ። በየደብዳቤው መጨረሻ "አባባ ሰላም ይልሃል" እያልኩ ስጽፍልህ ከርሜያለሁ። አባባ አንድም ቀን ሰላም በይልኝ አላለኝም፤ እኔ ነኝ ከሆዴ እያወጣሁ የጨመርኩት። ከእንግዲህ አልጽፈውም።

ያን ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ በዚያ ዝናብ፣ የሲሚንቶ መኪናህ ተንሸራትቶ ብስክሌት የሚገፋውን ሰው ሲገጨው፣ እኔ ከሥራ አስፈቅጄ አባባን የዓይን ሐኪም ዘንድ ወስጄ ወረፋ እየጠበቅን ነበር። ይህችን ቀን ያዝልኝ። ሰኞ ጠዋት የምሠራበት ላቦራቶሪ ኃላፊ ቢሮው ጠራኝና የወንድምሽ ደም መጥቷል፣ እጅሽን እንዳታስገቢ፣ ቤትሽ ሂጂ አለኝ። ሄድኩ። እውነቱን ልንገርህና ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት፤ በዘመድ ሠራች የሚለኝ አይኖርም ብዬ። በደምህ የተገኘው አልኮል ከተፈቀደው እጥፍ በላይ ሆኖ ወጣ።

አንተ አንድ ጠብታ አልቀመስኩም አልክ። ለፖሊሱ አልክ፣ ለዳኛው አልክ፣ በአጥሩ በኩል ለእኔ አልክ። እኔ ምን እንዳልኩህ አልረሳህም፤ "ደም አይዋሽም" አልኩህ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ያንኑ ቃል ቤት ወስጄ ለአባባ ደገምኩለት። ሊጠይቅህ ጫማውን አድርጎ በር ላይ ደርሶ ነበር። ተመልሶ ተቀመጠና ጫማውን አወለቀ። የሰው ነፍስ አጥፍቶ የሚዋሽ ልጅ የለኝም አለ።

አሁን የሥራ ቤቴን ጉድ ስማ። የእኔ ሥራ መቀበል ነው። ፖሊስ የደም ብልቃጡን በሳጥን ያመጣል፣ እኔ አይቼ ቅጽ እሞላለሁ። ቀዝቅዞ ነው የደረሰው? ደም እንዳይበላሽ የሚያደርገው ዱቄት ብልቃጡ ውስጥ አለ? ማሸጊያው አልተነካም? ሦስት ጥያቄ፣ ሦስት ራይት፣ ከሥር ፊርማ። መልሱ ሁልጊዜ አዎ ስለሆነብኝ፣ ሐሙስ ሐሙስ ሥራ ሲቀዘቅዝ ሃምሳ ቅጽ ደርድሬ ራይቱንም ፊርማውንም አስቀድሜ እጨርሰዋለሁ። የሚቀረው ቁጥሩና ቀኑ ብቻ ነው። ይህን የማያውቅ ባልደረባ የለኝም። ኃላፊያችን እንዲያውም ምነው ሁሉም እንደ አንቺ ቀልጣፋ በሆነ ይለኝ ነበር፤ እኔም ሞኟ ደረቴን እነፋ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በፊት ምሳ ላይ፣ ደም የምትቀዳው ነርስ ስለ ዕቃ እጥረት ስታማርር፣ አምና በዝናቡ ወር ዱቄት ያለው ብልቃጥ አልቆባቸው በባዶው ሲቀዱ እንደከረሙ አወራች። እኔ በዚያ ወር ዱቄት የሌለው ብልቃጥ መጣ ብዬ የሞላሁት አንድም ቅጽ የለም። ምሳዬን ትቼ ተነሣሁ። መዝገብ ቤት ገብቼ ፋይልህን አወጣሁ። ሦስቱም ራይት የእጄ ሥራ ነው። ፊርማው የእኔ ነው። ቁጥሩና ቀኑ ግን የባልደረባዬ ጽሕፈት ነው፤ ሰኞ እኔ ቤቴ ተቀምጬ ሳለ ከደረደርኩት ላይ አንዱን አንስቶ ዓርብ ብሎ ሞልቶታል። በዚያ ዓርብ ከሰዓት እኔ የአባባን ክንድ ይዤ ሐኪም ደጅ ነበርኩ።

ዘበኛውን ጠየቅኩት። ደግ ሰው ነው፣ አልዋሸኝም። ፖሊሱ የመጣው ቢሮ ከተዘጋ በኋላ ነው፤ ፍሪጁ ያለበት ክፍል ቁልፍ ደግሞ እሱ ዘንድ አይቀመጥም። ሳጥኑን የጥበቃ ቤቱ መስኮት ላይ አኖረው። "ቅዳሜና እሑድ ፀሐይዋ በረታች፤ እንዳይሞቅ ብዬ ጋዜጣ አለበስኩት" አለኝ። ከሁላችን ለደምህ የተጨነቀው እሱ ብቻ ነው።

ዱቄት የሌለው ደም፣ ያውም ስኳር የበዛበት፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሙቀት ላይ ከዋለ ሊቦካ ይችላል። ከቦካ አልኮሉን ራሱ ያወጣዋል። መሣሪያው ያገኘውን ይለካል እንጂ ከየት መጣህ ብሎ አይጠይቅም። እንደዚያ ሆኗል ብዬ ግን አልምልልህም፤ የተረፈው ደም በደንቡ መሠረት በስድስት ወሩ ተደፍቷል። አልጠጣም ብሎ የሚመሰክርልህ ብልቃጥ የለም። ጠጥቷል ያለውም የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ብስክሌት ሲገፋ የነበረው ሰው በዚህም በዚያም አይመለስም፤ እሱን አንተም እንደማትረሳው አውቃለሁ።

ለኃላፊያችን ነገርኩት። ተነሥቶ በሩን ዘጋ። "ለአንድ ፊርማ ብለሽ የስንቱን ሰው ፋይል ልታስከፍቺ ነው?" አለኝ። እኔም የፈራሁት እሱኑ ነበር። ስንቷ እህት በእኔ ፊርማ ተማምና ወንድሟን ደም አይዋሽም ብላው ይሆን? ማክሰኞ ለጠበቃህ ቃሌን በጽሑፍ ሰጠሁት፤ ነገሩ እንደገና እንዲታይ ያመለክታል። ሥራዬን አትጠይቀኝ። ጋዎኔን አጥቤ መልሻለሁ።

አባባ አልጋ ላይ ከዋለ በኋላ ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል። ልጄ፣ መሣሪያው አይሳሳትም? ይለኛል። "መሣሪያ አይሳሳትም አባባ፤ የሚሳሳተው ሰው ነው" አልኩት። አንተን ማለቴ ነበር። ለሁለተኛ ጊዜ የጠየቀኝ ነርሷ ምሳ ላይ ያን ካወራችበት ቀን ዘጠኝ ቀን አስቀድሞ ነው። ዘጠኝ ቀን ብቻ፣ ወንድሜ። ሰምቶኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ እውነቱን ሳልነግረው አረፈ። ጫማው በር ሥር እንዳለ አለ፤ ልካችሁ አንድ ስለሆነ ስትመጣ ታደርገዋለህ። በመስኮቱ በኩል ያለውን አልጋም አንጥፌልሃለሁ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ዛሬ ያመንኩህ ቅጽ አይቼ መሆኑ ነው። በልጅነትህ ስትዋሽ ጆሮህ እንደሚቀላ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ያን ቀን በአጥሩ በኩል ጆሮህን አይቼዋለሁ። አልቀላም ነበር። አይቼ ነው ደም አይዋሽም ያልኩህ።

ይቅር በለኝ ብዬ አላጣድፍህም፤ ሲሆንልህ ትለኛለህ። ፈጣሪ ጤናህን ይጠብቅልህ፣ የዳኞቹን ልብ ያራራልህ፣ ለደጃችን ያብቃህ። መርፌህን አትዝለል።

ይህን ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። የፈረምኩት ከዚያ በኋላ ነው።

እህትህ