ከሁሩሙ ጫካ ያወረድኩት ነጭ አበባ

ጥቅምት 9፣ ማታ

መጋረጃ ስተኩስ ዋልኩ። የእሑዱን ሠርግ አዳራሽ ማስጌጡ ገና ነው። የሙሽራዋ እናት እትዬ አስካለ መጥተው የፕላስቲክ አበባዎቼን አገላበጡ። ይሄንኑ እኮ መቱ ውስጥ በየሠርጉ አይተነዋል አሉኝ። ሠራተኞቼ ፊት። ሳቅሁ። ውስጤ ግን ተቃጠለ።

ያ ነጭ አበባ ትዝ አለኝ። አምና ሌንሳ ናት ያሳየችኝ። አብሮ አደጌ፣ የዕፅዋት ተመራማሪ። ሁሩሙ ጫካ ይዛኝ ስትገባ፣ ዛፍ ላይ ተጣብቆ ሲያብብ አየሁት። ሌላ ቦታ ብትፈልግ አጥታዋለች። ለማንም እንዳትነግሪ አለችኝ። ለማንም አልነገርኩም።

አይ። ለሠርጉ ማውረድ? አላደርገውም።

ጥቅምት 11

አደረግሁት።

ጋሼ ቶላ ወጡልኝ። ቀፎ የሚሰቅሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ዛፍ መውጣት ያውቁበታል። አምና ከሌንሳ ጋር ስላዩኝ እሷ የላከችኝ መሰላቸው። አላረምኳቸውም። ከነሥሩ ይሁን፣ ቶሎ እንዳይጠወልግ አልኩ። ከላይ ሆነው በኦሮምኛ "ሁንዳ?" አሉኝ። ሁሉንም?

"ኤዬ፣ ሁንዳ።"

አዎ፣ ሁሉንም አልኩ።

ጥቅምት 12፣ እሑድ

አዳራሹ አፍ አስከፈተ። እትዬ አስካለ አቅፈው ሳሙኝ። ፎቶውን ቴሌግራም ላይ ለቀቅሁ። ከሰዓት በኋላ የአበባው ጠርዝ ቡናማ ሆነ። ማታ ከቆሻሻው ጋር ጠርገን አቃጠልነው።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ጥቅምት 14

ሌንሳ ደወለች። ዛሬ የጫካውን መከለል የሚወስኑ፣ ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች ይዛ ጫካ ገብታ ነበር። አበባውን በዓይናቸው ካዩ ዛፉ ያለበት ተዳፋት ይከለላል፤ ካላዩ ለቡና ይመነጠራል። ለካ ይሄን ሁሉ ጊዜ የምትለፋው ለዚህ ነው። ያገኘችው ባዶ ግንድ። ጋሼ ቶላ ጓደኛሽ ናት ያስወረደችኝ ብለዋታል። እየሳቀች ነው የነገረችኝ፤ አላመነችም።

"እኔ? ከሠርጉ ሥራ መች ወጥቼ!" አልኳት።

ይቅርታ ጠየቀችኝ። አንቺን መጠየቄ ራሱ ነውር ነው አለች። እኔን! ይቅርታ!

ስልኩን ዘግቼ ቴሌግራም ላይ የለቀቅሁትን ፎቶ አጠፋሁ።

ጥቅምት 16

ማስታወሻዬ፣ አንቺን ለመግለጥም አፈርኩ።

ከሁሩሙ የመጣች ደንበኛ ወሬ ይዛ መጣች። ጋሼ ቶላን የቀበሌው ሰዎች ጫካ እንዳይገቡ ከልክለዋቸዋል። ቀፎዎቻቸውን አውርዱ ተብለዋል። አበባውን ሸጠው ነው፣ ደግሞ በሰው ያላክካሉ ይሏቸዋል። በዚህ ዕድሜያቸው ውሸታም ተባሉ። ሴትዮዋ ከንፈሯን ስትመጥ እኔም አብሬ መጠጥኩ። መጠጥኩ!



ጥቅምት 17

ሌንሳ መ/ቤት ሄጄ ነገርኳት። ቁጭ በይ ብላኝ ነበር፤ ቆሜ ነው የጨረስኩት። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

"ሥሩስ?"

አቃጠልነው አልኳት። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ሥሩ ቢገኝ መልሰን ዛፍ ላይ እናስረው ነበር አለች። እንግዶቹ ሄደዋል። አበባው ሳይኖር እንደገና ኑ አልላቸውም አለች።

ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት ከለከለችኝ። "እኔን ተይኝ። ጋሼ ቶላ የተዋረዱት በሰው ፊት ነው።"

እውነቷን ነው። ነገ የሁሩሙ ገበያ ነው፤ ሰው ሁሉ ይወጣል። ጠዋት በሚኒባስ እሄዳለሁ። ጋሼ ቶላ ባሉበት፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ በኦሮምኛ እናገራለሁ። እሳቸው አልዋሹም፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ እላለሁ። ሌንሳ አብራኝ አትመጣም። ከዚያ ወዲያ ዓይኔን የት እንደማደርገው አላውቅም። ግን እሄዳለሁ።