አፍንጫዋን ስታነሳ

ጥቅምት 4

ዛሬ ምንም የለም። ልብስ አጠብኩ። የጂፗን ጋቢና ጠረግኩ... ከወንበሩ ሥር ሦስት የሞቱ ንቦችና አንድ የእማዬ ጓንት አገኘሁ።

ከሰዓት ቀፎዎቹን እየዞርን በአንድ ጎናቸው ቀና እያደረግን ክብደታቸውን አየን። ቀለውብናል። ባዶ ቅርጫት የማንሳት ያህል ነው። እማዬ አንዱን መልሳ አስቀመጠችውና ምንም አላለችም። እሷ ዝም ስትል እፈራለሁ። ዝም ማለት የእኔ ሥራ ነው እንጂ የእሷ አይደለም።

እዚህ ሜዳው ላይ አበባ አልቋል። ዳገቱ አናት ላይ ያሉት ዛፎች ግን ገና ማበባቸው ነው። ንቦቹ በዚህ ሳምንት እዚያ ካልደረሱ ያልቃሉ። ንብ ሲርበው ይጮሃል? ወይስ ዝም ብሎ ነው የሚሞተው?

ጥቅምት 5

እማዬ ወደቀች። ጂፗ የምትጎትተው፣ ቀፎ የምንጭንበት ተሳቢ ላይ ወጥታ ገመድ ስታጠብቅ ነበር። ቀኝ ክንዷ ተሰበረ። ሐኪሙ ጀሶ አሰረላት።

"ለስድስት ሳምንት ምንም እንዳትነኪበት።"

"መኪናስ ዶክተር?"

"ማርሹን በጥርስሽ ልትቀይሪ?"

ሳቀች። ደጅ ስንወጣ ግን ዓይኗ እንባ ሞላ። ለክንዷ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ጥቅምት 6

አጎቴ መጣ፤ የእማዬ ታናሽ ወንድም። ሚኒባስ ነው የሚነዳው። ከተሳፋሪ ሁሉ ጋር ይጣላል፤ ከንብ ጋር ግን አይጣላም፣ ይሸሻል።

"ጭጭ፣ እናትሽ የታለች?" ጭጭ የሚለኝ እሱ ነው። ዋናውን ስሜን የረሳው ይመስለኛል።

"አንድ ቀን ብቻ ንዳልኝ፣" አለችው እማዬ።

"እህት ዓለም፣ ሌላ የፈለግሽውን ጠይቂኝ። አንዲት ንብ ጋቢና ከገባች እኔ በመስኮት ነኝ። መኪናው እየሄደ!"

"ወንድ ነኝ ትላለህ ደግሞ።"

"ወንድማ ነኝ። ያበጠ ወንድ መሆን ነው ያልፈለግኩት።"

ሳቅን። ከዚያ ሳቁ አለቀ፣ ቀፎዎቹ ግን እዚያው ናቸው።

እራት ላይ እማዬ እጄን ስታይ ቆየች።

"ግራ እጅሽ ሰነፍ ነው?"

"እኔ እንጃ።"

"ነገ እናየዋለን።"

ጥቅምት 7

አንድ መኪና ለሁለት ሰው! እማዬ በግራ እጇ መሪውን ትይዛለች፣ እግሮቿም ሥራቸውን ይሠራሉ። ግራ እግሯ ፍሪሲዮኑን ሲረግጥ፣ አጠገቧ የተቀመጥኩት እኔ በግራ እጄ ማርሹን አስገባለሁ። የእጅ ፍሬኑም የእኔ ነው። የእሷ ቀኝ እጅ የእኔ ግራ እጅ ሆነ... እንዲህም ይቻላል ለካ?

መጀመሪያ ላይ ማርሹ ጥርሱን አፋጨብኝ። ቁጥር ፈልጌ አጎነበስኩ። ማርሹ አናት ላይ የነበሩት ቁጥሮች ተፍቀው አልቀዋል።

"አትይው፣" አለች እማዬ። "ስሚው። ሞተሩ ሲያቃስት ዝቅ አድርጊ። ሲጮህ ከፍ አድርጊ። በቃ።"

ትምህርት ቤት እያለሁ መልሱን እያወቅኩ አፌ አይከፈትልኝም ነበር። ሰባተኛ ላይ ተውኩት። እዚህ ግን መልስ በአፍ የሚፈልግ የለም። ሞተሩ ይጠይቃል፣ እጄ ይመልሳል። ሜዳውን ስንዞር ዋልን። ማታ ተኝቼ እንኳ እጄ ሁለተኛ ያስገባል።

ጥቅምት 8

ዛሬ ከነተሳቢው ነው። አጎቴ ከጓሮ ባለችው ትንሽ ዳገት ላይ አቆመንና በመስኮት አስተማረን። ንብ እንደሌለ ሦስቴ ጠይቋል።

"ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላ ስትለቅ፣ አንድ ቦታ ላይ መኪናዋ አፍንጫዋን ታነሳለች። ሣር እንደሸተታት ላም። ያኔ የእጅ ፍሬኑን ልቀቂ። ቀድመሽ ከለቀቅሽ ወደ ኋላ ነው። ከዘገየሽ ፍሪሲዮኑ ይቃጠላል። ገባሽ ጭጭ?"

ራሴን ነቀነቅኩ።

"ተሳቢው የራሱ ፍሬን የለውም። ወደ ኋላ የሚጎትተው እናንተን ነው። ስለዚህ እዚያ ዳገት ላይ በምንም ተዓምር እንዳትቆሙ!"

ደጋግመን ሞከርን። አምስተኛው ላይ ይሁን ስድስተኛው ላይ... አየሁት። ኮፈኑ ቀስ ብሎ ቀና አለ። ከወንበሬ ሥር አንድ ነገር ተወጠረ፣ ትንፋሽ እንደያዘ ሰው። ብረት ነው! ብረት መሆኑን አውቃለሁ። ግን እኮ መሄድ ፈለገ።

ጥቅምት 9

ነገ ነው።

ጥቅምት 10

ከየት ልጀምር?

ገና ሳይነጋጋ፣ ንቦቹ ሳይወጡ፣ የቀፎዎቹን በር በሽቦ ወንፊት ዘጋን። የጫነልን አጎቴ ነው። ሁለት ጓንት፣ ኮፍያ፣ ከላይ የእማዬ የፊት መረብ... ሙሽራ መስሏል። ስምንቱንም ቀፎ ጫነ። ከጫነ በኋላ ግን ሮጦ ቤት ገባ።

ከመነሳታችን በፊት ጆሮዬን አንዱ ቀፎ ላይ አስጠጋሁ። ብዙ ሰው በሹክሹክታ የሚጸልይበት ቤት በር ላይ የቆምኩ መሰለኝ። ይህን ሁሉ ነፍስ ነው የምንጎትተው?

ተሳቢው እናቱን እንደሚከተል ጥጃ ተከተለን። ስንታጠፍ ትንሽ አሰብ አድርጎ ይታጠፋል። ዳገቱ ጀመረ። ሞተሩ አቃሰተ፤ እማዬ ረገጠች፣ ሁለተኛ አስገባሁ። አልተነጋገርንም። እግሯና እጄ ቀድሞ የተዋወቁ ይመስላሉ። ደረቴ ሞላ። መዝፈን አማረኝ፣ እኔን!

ሦስተኛው ኩርባ ላይ ድንጋይ የጫነ ትልቅ መኪና ቁልቁል መጣ። መንገዱ ለሁለት አይበቃም። እማዬ ጥግ ይዛ ቆመች። ዳገቱ ላይ ቆምን! የእጅ ፍሬኑን እስከ ጥጉ ሳብኩት። መኪናው ታክኮን አለፈ። አቧራው ሲጠራ ከኋላችን ያለው ገደል ታየኝ።

አንደኛ አስገባሁ። እማዬ ቀኝ እግሯን ከፍሬን ወደ ነዳጅ አዛወረች። ከዚያ በኋላ የያዘን የእጅ ፍሬኑ ብቻ ነው። ሞተሩ ጮኸ።

"ልቀቂ!"

አልለቀቅኩም።

"ልቀቂ እንጂ ልጄ!"

ድምፅዋ የእሷ አይመስልም። ግራ እግሯ ፔዳሉን ትንሽ ይለቃል፣ ይፈራል፣ መልሶ ይረግጣል። የተቃጠለ ነገር ሸተተን። እናቴን እምቢ ብያት አላውቅም። ግን የመኪናዋ አፍንጫ አልተነሳማ!

"እማዬ... ገና ነች፣" አልኩ።

ቀስ ብዬ ነው ያልኩት። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል እንዴት እንደሰማችኝ አላውቅም። እግሯ ተረጋጋ። ቀስ... ቀስ... ከወንበሬ ሥር ተወጠረ። ኮፈኑ ቀና አለ።

ለቀቅኩ።

መኪናዋ አንዲት ጣት ያህል እንኳ ወደ ኋላ አላለችም። ተሳቢው "ጓ" አለና ተከተለን። በሁለተኛ እስከ አናቱ ወጣን።

እዚያ ዛፉ ሁሉ ነጭ ነው። ቀፎዎቹ ከነተሳቢው እዚያው ስለሚቆዩ ወንፊቱን ብቻ አነሳን። መጀመሪያ አንዲት ወጣች፣ በሩ ላይ ቆማ አየሩን አሸተተች። ከዚያ ሁሉም። ሰማዩ በሙሉ ድምፅ ሆነ! እኔ መረብ እንኳ አላደረግኩም። መሐላቸው ቆምኩ፣ አንዲትም አልነደፈችኝም።

"ልቀቂ ስልሽ ለምን አልለቀቅሽም?" አለች እማዬ።

"አፍንጫዋን አላነሳችም ነበር።"

"እኔ እኮ ፈርቼ..." ብላ ወንፊቶቹን መሰብሰብ ጀመረች።

ጥቅምት 11

ግራ መዳፌ ላይ የእጅ ፍሬኑ ምልክት ቀርቷል። እጄን ስታጠብ እሱን አለፍኩት። ሞኝ ነኝ?

ኅዳር 24

የእማዬ ጀሶ ከተፈታ ሳምንት ሆነው። ክንዷ ቀጥኗል፣ ግን ደህና ነው።

ዛሬ ንቦቹን ልናወርድ ወጣን። ስንወጣ ማርሹን የቀየረችው ራሷ ናት። ሁለት እጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ዳር ዳሩን አየሁ። ደስ ሊለኝ ሲገባ... ግራ እጄ ቤት የጠፋበት ሰው መሰለኝ።

ቀፎዎቹ ከብደዋል! አንዱን ለማንሳት እኔና አጎቴ አቃሰትን። አዎ፣ አጎቴም መጥቷል። መረቡን ሳያወልቅ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ መስኮቶቹን ሁሉ ዘጋ።

"የእነዚህ ክብደት ሲገፋን ደግሞ ጉድ ነው የምናየው፣" ይላል ከመረቡ ውስጥ። "ንብ ተሸክሞ ገደል መግባት! ሁለት ሞት!"

"ዝም በል አንተ፣" አለች እማዬ።

ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ አቆመችን። መንገዱ ከሥራችን እንደ ተጣለ ገመድ ተጠማዝዞ ይታያል፤ ሦስተኛውም ኩርባ። እማዬ እጇን ማርሹ ላይ አደረገች። አላስገባችም። ወደ እኔ ዞረች።

"በስንተኛ ማርሽ ትውረድ?"

አጎቴን የጠየቀች መስሎኝ ነበር። እሱ እኮ ሹፌር ነው። ግን እኔን ነው የምታየው።

"አንደኛ፣" አልኩ። "አባዬ፣ ነፍሱን ይማርና፣ መኪና በወጣችበት ማርሽ ትውረድ ይል ነበር። ግን አሁን ከብደናል። በሁለተኛ ይገፋናል። አንደኛ ይሁን።"

ይህን ሁሉ ተናገርኩ። ጮክ ብዬ!

"ጭጭ ተናገረች!" አለ አጎቴ።

"ስም አላት፣" አለችው እማዬ። ከዚያ እጇን ከማርሹ ላይ አነሳችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። የዳነውን እጇን።

"በይ አስገቢያ።"

ግራ እጄን ዘረጋሁ። እግሯ ቀድሞ ረግጦ ይጠብቀኝ ነበር።