ባዶ ሜዳ ላይ ስለታጠፈው መስመራችን

ለተከበሩ ዶክተር ሸምሰዲን፣ የመስክ ልምምድ አስተባባሪ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ጤናዎ እንዲሰነብት፣ ቀይ እስክሪብቶዎም እንዳይደርቅ እመኛለሁ። እኔ የአራተኛ ዓመት የጂኦሎጂ ተማሪ፣ ካርታቸው «የማይታመን» ተብሎ ከተመለሰባቸው ሁለት ተማሪዎች አንዷ ነኝ። እስከ ዓርብ አስተካክለን ካላስረከብን ዘንድሮ እንደማንመረቅ በትሕትና ስላሳወቁን፣ እኔም በትሕትና መልሴን ሰው ሁሉ በሚያነበው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌያለሁ።

፩. ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወስደው መንገድ አላስተማምን ብሎ ጉዟችን ሲቀር፣ በምትኩ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ እሪ በከንቱ በሚባለው ቦታ የፈረሰውን መሬት እንድናጠና ስለመደቡን እጅግ አመሰግናለሁ። ድንጋዩ በደንብ ተገልጧል ብለውን ነበር፤ እውነትም ተገልጧል። በተቆፈረው ገደል ላይ ጥቁሩ የባዛልት ድንጋይ፣ ከሥሩም ቀዩ አፈር ቁልጭ ብሎ ይታያል። እንዲታይ ተብሎ ከላዩ የተነሣው ግን የእኔና የቡድን ጓደኛዬ የሱሀይብ ሰፈር ነበር። ይህን ሳያውቁ እንደመደቡን እርግጠኛ ስለሆንኩ አልተቀየምኩም።

፪. ስልክ ሳናይ፣ በኮምፓስ አቅጣጫ ይዘን፣ እርምጃችንን እየቆጠርንና ችካል እየተከልን ቀጥ ብለን እንድንሄድ አስተምረውናል። እኛም ቀጥ ብለን የሄድን መስሎን ነበር። መጨረሻ ላይ ደርሰን ዞር ብለን ስናይ ግን ችካሎቻችን ምንም በሌለበት ሜዳ ላይ ወደ ግራ ታጥፈው፣ ጥቂት ሄደው ደግሞ ወደ ቀኝ ተመልሰዋል። የጎረቤታችንን የእትዬ ሙሉዓለምን አጥር ዞረናል። አጥሩ ከፈረሰ ቆይቷል። ችካሎቹን ነቅለን እንደገና ሄድን፤ እንደገና ዞርን። ሱሀይብ መቼም አራዳ ነውና፣ ለእግሩ ምትክ ቤት ገና እንዳልተሰጠው ነገረኝ። ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ግን ፈራሁ።

፫. እርስዎ «ሰው ሠራሽ የአፈር ሙሌት ስለሆነ ይታለፍ» ብለው በቀይ የጻፉበት ቦታ የእትዬ ሙሉዓለም በር ነበር። ሁልጊዜ እዚያ በርጩማ ላይ ይቀመጡ ስለነበር፣ በዚያ የሚያልፍ ዝቅ ብሎ ሰላም ሳይላቸው አያልፍም። ኮምፓሱን ደረቴ ላይ እንደያዝኩ እዚያ ስንደርስ፣ እኔም ሱሀይብም ሳንመካከር ዝቅ አልን። እትዬ ሙሉዓለም ወደ ከተማው ዳር ከተዛወሩ በኋላ አርፈዋል። የሰማነው ከተቀበሩ በኋላ ነው፤ ጎረቤቱ ተበትኖ ማን ለማን ይንገር? በጠራራ ፀሐይ፣ መሬቱን የሚቆፍረው ኤክስካቫተር እያጓራ፣ የኮምፓሱ ቀስት አልረጋ አለኝ። ይህንንም «የመለኪያ ስሕተት» በሚል ስለመዘገቡልን ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ዶክተር፣ ማስመሪያ አለኝ። ካርታው ላይ የታጠፈውን መስመር ማቅናት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። መመረቅም እፈልጋለሁ፤ እናቴ ከዚያ ሰፈር ስትወጣ የቀራት ደስታ የእኔ ምረቃ ብቻ ነው፣ ልብሴን እንኳ ከወዲሁ አሰፍታለች። ነገር ግን ያልሄድኩበትን የሄድኩበት አስመስዬ ብስል፣ እርስዎ በመጀመሪያው ቀን ከሙያው ያስወጣል ያሉንን ጥፋት ፈጸምኩ ማለት ነው። ስለዚህ ካርታውን እንደታጠፈ መልሼ አስገብቻለሁ።

ቀጥ ብሎ መሄድ ያቃታት፣ ቢሆንም ለትምህርትዎ እስከ መጨረሻው የታመነች፣ ውሳኔዎን በአክብሮትና በጭንቀት የምትጠባበቅ ተማሪዎ፣

ተስኒም አብዱልሙሀይሚን

ማሳሰቢያ፦ ማክሰኞ ዕለት ቀጥ ያለ መስመር እንዴት እንደሚኬድ ሊያሳዩን ራስዎ ስለመጡ አመሰግናለሁ። ከኋላዎ እየተከተልን ነበር። መሐል ላይ ሲደርሱ፣ በደረቅ ሜዳ፣ ሱሪዎን ሰብሰብ አድርገው አንድ ሰፊ እርምጃ ተራመዱ። እዚያ ጋ የፍሳሽ ቦይ እንደነበረ የሚያውቅ የሰፈሩ ሰው ብቻ ነው። ለእናቴ ስነግራት፣ የየትኛው ቤት ልጅ እንደሆኑ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት?