በሞቴ ያልከኝ ጊዜ ሁሉ

ለባለቤቴ ለተስፋዬ፤

አንተ ያለህበት ቦታ ደብዳቤ ይድረስ አይድረስ አላውቅም፤ ቢደርስህም እንደ ልማድህ ጨርሰህ አታነበውም። ከተለየኸን ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ መቃብርህ ላይ ቆሜ ነፍስ ይማር ከማለት ሌላ የሆዴን ነግሬህ አላውቅም፤ ሁልጊዜ ሰው አጠገቤ ነበራ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ልጃችን ቤዛ ጅማ ሥራ አግኝታ ባለፈው ሳምንት ሄደች። አላስቀረኋትም፤ ስላላስቀረኋትም ተቀይማኛለች። የተቀየመችኝ ባንተ የተነሳ ስለሆነ አንተው ስማው ብዬ ነው የምጽፍልህ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ቤቱ የለም። ካዛንቺስ ያለው የቀበሌ ቤታችን፣ ያ በሩን በየፋሲካው አረንጓዴ የምትቀባው፣ ለመንገድ ሥራ ፈርሷል። ሰፈሩም አብሮ ፈርሷል። እኔ አሁን ከከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው ያለሁት። ውሃው ሲፈልግ ይመጣል፣ ሳይፈልግ ይቀራል፤ ጉልበቴን ደግሞ ታውቀዋለህ። ጎረቤት የምትለው ሁሉ በየአቅጣጫው ተበትኗል። ዕድራችን ስሙ አለ፤ ግን ለቅሶ ሲኖር ግማሹ ሰው የሚደርሰው ቀብሩ ካለቀ በኋላ ነው።

በቀደም ለጥርሴ ወጥቼ በዚያ በኩል አለፍኩ። የታክሲው ረዳት ካዛንቺስ ወራጅ ሲል ቀና ብዬ አየሁና የት እንዳለሁ ጠፋኝ። መንገዱ ሰፍቷል፣ ሣር ተተክሏል፣ መብራቱ ብዛቱ። ያምራል፤ አያምርም ብዬ ብዋሽህ ምን ይጠቅመኛል? ወርጄ የኛ ቤት የቱ ጋ እንደነበረ ልፈልግ ብል ወዲያ ብል ወዲህ ብል የማውቀው ማዕዘን አጣሁ። አንድ ጥበቃ እማማ ምን ጠፍቶብዎት ነው ብሎ ጠየቀኝ። እኔም እማማ ተባልኩ፣ ይኸውልህ። ምንም አልጠፋብኝም ብዬው ሄድኩ።

ያን ቀን መንገድ ላይ በሆዴ የሰደብኩት አንተን ነው። የቤት ምዝገባ የመጣ ጊዜ ፎርሙን ይዤልህ ስመጣ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? በሞቴ፣ ካዛንቺስን ትተን የት ልንገባ ነው አልከኝ። በቃ፣ ተውኩት። የተመዘገቡት ቅርብ ቅርቡ ደረሳቸው። እኔ ደግሞ ሁሉም ካለቀ በኋላ በተገኘው ገባሁ።

አቤት ያቺ ቃልህ። ሌላው ሰው በሞቴ የሚለው ማዕድ ላይ ነው፤ እንግዳ አልበላም ሲል አንዴ ይላል፣ ያጎርሳል፣ ያበቃል። አንተ ግን ኑሮን በሙሉ በሞቴ ነበር የምትነዳው። እኔ ደግሞ እናቴ ያሳደገችኝ በሞቴ የተባለ ሰው እንቢ ካለ የሰውየውን ሞት ፈቀደ ማለት ነው እያለች ነው። ታውቅ ነበር። ይህን ስነግርህ ስቀህ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ግን ቃሏን አልጣልካትም።

አሁን ቁጭ ብዬ ወደ ኋላ ሳስበው ሕይወቴ የተቆረጠው በአንድ ምሳ ነው። ለገሃር ታይፒስት ሆኜ ስሠራ፣ አዳማ በተከፈተው ቅርንጫፍ ሒሳብ ክፍል መድበውኝ ሻንጣዬን ይዤ የመሥሪያ ቤቱን መኪና ስጠብቅ መጣህ። ቡልጋሪያ ሰፈር ጋራዥ የምትሠራ፣ የቢሯችንን መኪኖች የምትጠግን መካኒክ ነበርክ፤ ከሰላምታ ያለፈ ነገር በመካከላችን አልነበረም። መሄዴን ስትሰማ፣ ምሳ ሳትበይማ አትሄጂም፣ በሞቴ አልከኝ። ካዛንቺስ ወስደህ ፓስታ በስጎ አዘዝክ። ፓስታ ይጎረሳል? አንተ ግን በሹካ ጠቅልለህ አፈር ስሆን፣ አፈር ስሆን እያልክ አጎረስከኝ። ስንመለስ መኪናው ሄዷል። አለቃዬ ቁም ነገር የላትም ብሎ በቦታዬ ሌላ ሴት ላከ።

ያቺ ሴት እዚያው እየተማረች አድጋ፣ የቅርንጫፉ ኃላፊ ሆና ነው ጡረታ የወጣችው። እኔ ከጽሕፈት መኪናዬ ጋር ቀረሁ። ኮምፒውተር ሲመጣ መዝገብ ቤት ወረወሩኝ፣ አቧራ ስጠርግ ኖሬ ወጣሁ። አንተ ግን ታሪኩን ሰርጋችን ላይ ተነስተህ አወራኸው፤ በፓስታ ያገባኋት እያልክ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። የወደድኩህም በዚያች ምሳ ላይ ነው። ግን ተስፋዬ፣ ትልቅ ነገር ሲመጣ ሰው ያስባል፣ ያማክራል፣ ስለት ይሳላል። ምሳ ላይ ማን ያስባል?

ከዚያ ወዲያማ የተለመደ ነው። የማታ ትምህርት ልጀምር ስል ቤዛ ትደግ፣ በሞቴ። እህቴ አብረን ሱቅ እንክፈት ስትለኝ ከዘመድ ጋር ንግድ ይቅርብን፣ በሞቴ። አንድም ቀን ጮኸህብኝ አታውቅም። ብትጮህብኝ እኮ እጮህብህ ነበር። እንዲያ እየሳቅክ፣ እጅህን አገጬ ስር አድርገህ ለሚለምን ሰው ምን ይባላል?

በዚህ ሁሉ ዕድሜ እኔ በሞቴ ያልኩህ አንድ ጊዜ ነው። ያን ቀን ጠዋት ግራ እጅህን እያሸህ፣ ላብ እያጠመቀህ፣ ጫማህን ለማሰር ጎንበስ ማለት ሲያቅትህ አይቼ፣ በሞቴ ሐኪም ቤት እንሂድ አልኩህ። በሩ ላይ ቆሜ ነው ያልኩህ። የሰው መኪና ፈትቼ አሳድሬያለሁ፣ ከሰዓት እንሄዳለን አልከኝ። ደግሜ በሞቴ ስልህ ሳቅክ፤ አንቺን በሞቴ አያምርብሽም አልከኝ። ጉንጬን ሳምከኝና ሄድክ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ የጋራዥ ጓደኞችህ ተሸክመውህ መጡ።

አያምርብሽም! እኔ ስንቱን ነገሬን የጣልኩት ያንተን ሞት ላለመፍቀድ ነው። የኔን ሞት ግን አንተ በሳቅ ፈቀድከው። የሞትከው ደግሞ አንተ። አፈር ስሆን ትል የነበርከው ሰውዬ አፈር ሆንክ። ይህን ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም፤ ሐዘን ነው፣ ይለቅሻል ይሉኛል። ሐዘን አይደለም፤ ንዴት ነው፤ አልለቀቀኝም።

እንግዲህ የቤዛ ነገር። የጅማው ሥራ ሲመጣ እህትህ እታለም ደውላ፣ በሞቴ በያት፣ በአባቷ ወጥታ የለም እንዴ፣ እንቢ አትልሽም አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ልጅቷ በዚያች ቃል ነው ያደገችው። እንድትቀር አልፈልግም ካልኩህ ውሸት ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን፣ ውሃ የሚያወጣልኝ እንኳን የለም። ሻንጣዋን ስትዘጋ ቃሏ ምላሴ ላይ መጥታ ነበር። ቤዛም ታየኛለች፤ ልብስ ታጣጥፋለች፣ መልሳ ትዘረጋለች፣ ታየኛለች። እኔ የመንገድ ዳቦዋን በፌስታል እየጠቀለልኩ፣ ቶሎ በይ መኪናው ያመልጥሻል አልኳት።

መናኸሪያ ላይ አለቀሰች። አንዴ እንኳን ቅሪ አላልሽኝም፣ አባዬ ቢኖር በሞቴ ይለኝ ነበር፣ እሱ ይወደኝ ነበር አለችኝ። ሰው እየሰማ። እኔ ምን ልበላት? ሒሳብ ክፍሉን ልንገራት? ያን ጠዋት ልንገራት? አባቷን ከልቧ ላውጣባት? ግቢ፣ ቦታ ይያዝብሻል አልኳት። በመስኮት እንኳን ዞራ አላየችኝም። እስካሁንም የምትደውለው ለእታለም ነው።

ይኸው፣ ሞተህም በልጠኸኛል። በቤታችን የሚወድ ሰው አንተ ሆነህ ቀረህ፤ እኔ ቶሎ በይ የምትል ሴት ሆንኩ። ይሁን። መንገዷን ይዛለች፤ ያ ይበቃኛል። ሙት ዓመትህን አወጣለሁ፣ በየወሩ ስምህን አስጠራለሁ፤ በዚህ አታስብ። ቤዛ የሚወዳትን አባቷን ታስታውስ፤ አልነካባትም። ሌላውን ሰው፣ በሩ ላይ ስቆብኝ የሄደውን፣ እኔ አስታውስልሃለሁ፤ ከኔ በቀር የሚያውቀው የለምና።

ባለቤትህ
አስካለ